የላም ሐኪሙ የቆርቆሮ ወር

ዶክተር መልከጼዴቅ የሚፈራው እንስሳ አልነበረም። የደነበረ ኮርማ በቀንዱ ይዞ አስቁሞ ያውቃል። ጪጩ ገበያ ላይ ትከሻውን ነክሳ ሸሚዙን የቀደደችበትን በቅሎ፣ በዚያው በተቀደደ ሸሚዙ ቆሞ ጥርሷን አክሞላታል። እሱ የሚፈራው ማይክሮፎን ነው። ማይክሮፎን ፊት ሲቆም ምላሱ ይደርቃል፣ ጆሮው ይግላል፣ የገዛ ስሙ እንኳ ይጠፋዋል፤ ስሙ ደግሞ ረጅም ስለሆነ አንዴ ከጠፋ ቶሎ አይገኝም።

የዲላና አካባቢዋ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ሊቀመንበር አድርጎ የመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የቀድሞው ሊቀመንበር ንግግር ይወዱ ነበር። "ሁለት ደቂቃ ብቻ" ብለው ከተነሡ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ምሳውን ትቶ ስለ እራቱ ማሰብ ይጀምራል። የእሳቸው ዘመን ሲያበቃ ሃያ ሁለቱም አባላት ሳይመካከሩ እጃቸውን ያወጡት፣ በስድስት ዓመት ስብሰባ ውስጥ አንድ ጊዜ "መስኮቱን ክፈቱት" ከማለት በቀር ቃል ወጥቶት ለማያውቀው ሰው ነበር።

ማኅበሩ በየዓመቱ ግንቦትን የበጎ አድራጎት ወር ብሎ ይዟል። እስከዚያ ዓመት ድረስ የበጎ አድራጎት ወር ማለት ውሻ በነፃ መከተብና ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሣት ነበር። አዲሱ ሊቀመንበር ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ብድግ አለና፣ "ዘንድሮ ቡሌ ላይ ለእናቶች ማቆያ ቤት ጣሪያ ብናለብስስ?" አለ።

አባላቱ ተያዩ። "ዶክተር፣ እኛ የላም ሐኪሞች ነን። ከወላድ ጋር ምን አገናኘን?" ሲል አንዱ ጠየቀ።

"ባለፈው ክረምት እዚያ ነበርኩ" አለና ተቀመጠ።

ሁሉም ቀጣዩን ለመስማት ጠበቁ። ቀጣይ አልነበረም። ዝምታው ሲረዝም፣ ይህን ሰው ከመቀመጫው ያስነሣ ጉዳይ ቀላል ሊሆን አይችልም ብለው በሙሉ ድምፅ አጸደቁት።

ከቡሌ ከተማ ወዲያ ባሉት ደጋ ቀበሌዎች መኪና የሚገባበት መንገድ ጥቂት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውንና ዳገቱን ለሰዓታት ይጓዛሉ። ስለዚህ ቀኗ የተቃረበ እናት ቀደም ብላ መጥታ ጤና ጣቢያው አጠገብ የምትቆይበት ቤት እንዲኖር የአካባቢው ሰው ተሰባስቦ ግድግዳውን አቁሟል፣ ጭቃውንም መርጓል። የቀረው ጣሪያና መኝታ ነው። ዝናቡ ሳይጠና ካልተሸፈነ ግን የተመረገው ሁሉ ወደ መጣበት መመለሱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሳሮን ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም፣ ደከመኝ የሚለውንም ቃል አታውቀውም። ሊቀመንበሩ ለወሩ ያዋጣው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። "ገንዘብ አንሰብስብ" አላት። "ሰው ቆርቆሮ ይስጥ፣ ፍራሽ ይስጥ፣ ሚስማር ይስጥ። ገንዘብ ከነካን ወሩን ሙሉ ደረሰኝ ስንቆርጥ ነው የምናልቀው።"

"ፐርፌክት!" አለች ሳሮን። "የቆርቆሮ ወር እንለዋለን። ሌላውን ለኔ ይተዉት ዶክተር። የእግር ጉዞ አለን፣ የክትባት ቀን አለን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እንዞራለን፣ መጨረሻ ላይ ትልቅ የሙክት ጨረታ። እርስዎ መዝጊያው ላይ ንግግር ብቻ።"

ዶክተር መልከጼዴቅ ያቺን "ብቻ" የምትለውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው በካናቴራው ነው። ሳሮን ለማተሚያ ቤቱ "ለእናቶቻችን ጣሪያ እንሥራ" የሚል ጽሑፍና የማኅበሩን ዓርማ ላከች። የማኅበሩ ዓርማ የላም ራስ ነው። አታሚው ላሟ ጎላ ብላ እንድትታይ አሰበና ጽሑፉን አሳጠረው። የእግር ጉዞው ጠዋት ካርቶኖቹ ሲከፈቱ፣ ሦስት መቶው ካናቴራ ላይ ዓይኗ የፈጠጠ አንዲት ግዙፍ ላም፣ ከሥሯም በደማቅ ቀይ "እናታችን" የሚል ቃል ብቻ ታትሞ ተገኘ።

"ገልብጠን እንልበሰው?" አለች ሳሮን፣ አንዱን ካናቴራ እያገላበጠች።

ጊዜ ግን አልነበረም። ለጉዞው የመጡት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወጣቶች ካናቴራውን ተሻምተው ለብሰው፣ በሳቅ እየተፍነከነኩ ጉዞውን ወደ ጪጩ ጀምረውታል። ሊቀመንበሩ ከፊት ሆኖ፣ ላሟን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ይራመዳል። ጪጩ ገበያ አፍ ላይ ሲደርሱ አንዲት ቁመተ ረጅም ሴት የአቮካዶ ክምሯን ትታ መንገዱ መሐል ቆመች። ቦንቱ ነበረች፤ በዚያ ገበያ ሚዛንም ሆነ ምላስ የሚያሸንፋት የለም።

"አንተ! የዚህ ሰው ሁሉ አለቃ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ ምን ልታዘዝ እናቴ?"

ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ያወቀው። ቦንቱ ደረቱን በጣቷ ወጋ አደረገችው። "እናቴ አልከኝ? እህ! ይሄ ላም እኔ ነው?"

ገበያው በሳቅ አወካ። ዶክተር መልከጼዴቅ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሳሮን ከኋላው ሜጋፎኑን አቀበለችው፤ ይባስ ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሸሸው። በዚህ መሐል ዓይኑ ከቦንቱ ጀርባ የቆመ አህያ ላይ አረፈ። ጀርባው ተልጦ ዝንብ ወሮታል። ሜጋፎኑን ለሳሮን መልሶ ወደ አህያው ሄደና ተንበረከከ።

"ይሄ ከጭነቱ አይደለም፣ ከገመዱ ነው" አለ፣ ቁስሉን እየዳሰሰ። እጁ እንስሳ ላይ ሲያርፍ ምላሱ የሚፈታ ሰው ነው። "ከሥሩ ጆንያ አጥፈሽ አድርጊለት፣ ሳምንት አሳርፊው። ቅባት እሰጥሻለሁ። ላሟ የማኅበራችን ምልክት ናት፣ አታሚው ነው ያበላሸብን። እኛ የመጣነው ቡሌ እናቶች የሚቆዩበት ቤት ጣሪያ ስለሌለው ነው። መንገድ ላይ እየወለዱ ነው። ቁስሉን በጨው ውኃ እጠቢለት፣ ዝንብ አይነካውም።"

ቦንቱ የአህያውን ገመድ ፈታ አደረገችለት። "እኔ አምስት ወለድኩ" አለች በመጨረሻ። "ሁለቱ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ሞተ።" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "አምጣ ይሄን ልብስ።"

ካናቴራውን በቀሚሷ ላይ ደርባ ለበሰችውና ሆዷ ላይ ላሟን አስተካከለቻት። "ደግሞ ቆንጆ ነው ላሙ" አለች። በዚያ ሳምንት ጪጩ ገበያ የምትቀመጥ ሴት ሁሉ ያንን ካናቴራ ለብሳ ስትሸጥ ዋለች፤ አታሚውም ስሕተቱን ሊያርም ሲመጣ "አትንካው" ተብሎ ተመለሰ።

የክትባቱ ቀን ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ውሻ እንዲያመጡ የተነገራቸው ሰዎች ዶሮ ይዘው መጡ፣ ድመት በጆንያ ይዘው መጡ፤ አንዲት ሴትዮማ ባሏን በክንዱ ይዛ አምጥታ "ይሄም ይናከሳል፣ ውጉልኝ" አለች። ከዚያ የአብያተ ክርስቲያኑ ዙር መጣ። አንድ ጸባየ መልካም መጋቢ "ዛሬ መካከላችን ሐኪም አለ" ብለው ካስተዋወቁት በኋላ፣ ከአምልኮው ማብቂያ ላይ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀው። ዶክተር መልከጼዴቅ "እኔ የከብት ነኝ" ማለት እያፈረ ለአሥራ አራት ሰው "ከባድ አታንሡ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ እንደተሻላቸው ኋላ ሰማ።

በሦስተኛው ሳምንት ሙክቱ መጣ። የሰጡት ሐጂ ሙሐሲን ናቸው፤ ዲላ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ለሰው ሲሰጡ ማሳነስ የማይችሉ ሽማግሌ። በጉ ላቱ ብቻውን የአንድ ልጅ ክብደት አለው። እስከ ጨረታው ቀን የት ይቆይ ሲባል፣ "የእንስሳት ሐኪም ቤት እያለ?" ተባለና የሊቀመንበሩ ጓሮ ታሰረ።

ባለቤቱ መነን የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጓሮዋን እንደ ደብተር ጠርዝ አስተካክላ ጎመን የተከለችበት ነው። በጉ በመጀመሪያው ቀን ገመዱን በጥሶ አንድ መደብ ጎመን ጨረሰ። በሁለተኛው ቀን ቋጠሮውን ፈታ፤ ሁለተኛውን መደብ ጨረሰ።

"መልኬ፣ ይሄ በግ በጎ አድራጎቱ ለማን ነው?" አለችው መነን።

"ለእናቶች።"

"እኔስ የሁለት ልጆች እናት አይደለሁም?"

ቢሆንም ንግግሩን ማስጠናቷን አልተወችም። ሳሮን የጻፈችው ባለ አራት ገጽ ነው። መነን ማማሰያ ይዛ "ይሄ ማይክሮፎን ነው፣ ጀምር" ትለዋለች። "ክቡራን እንግዶች" ብሎ ይጀምርና ማማሰያውን አይቶ ላብ ያጠምቀዋል። በሳምንቱ መጨረሻ "ክቡራንና ክቡራት" ድረስ ደርሶ ነበር።

የጨረታው ቀን ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ረድፍ ቀሳውስት፣ መጋቢዎች፣ ሼኾችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ነጋዴዎችና አስተማሪዎች፤ በስተቀኝ በኩል ቦንቱና የጪጩ ሴቶች ከነላማቸው። ሙክቱ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሪባን ታስሮለት ግቢው ውስጥ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ ሲገባ ያያዋል፣ ያዝንለታል፣ ያበላዋል። ከማዕድ ቤት ዳቦ መጣለት፣ መዘምራኑ የተቀቀለ በቆሎ ሰጡት፣ አንዱ ቸር ሰው ደግሞ ሙሉ ሰሐን ባቄላ አቀረበለት። ሃያ ሁለት የእንስሳት ሐኪም ባለበት ግቢ፣ አንድም ሐኪም በጉን ልብ አላለም፤ ሁሉም የሊቀመንበራቸውን ንግግር ፈርተው ነበር።

"አሁን ደግሞ ክቡር ሊቀመንበራችን!" አለች ሳሮን።

ዶክተር መልከጼዴቅ ወጣ። አራቱን ወረቀቶች በሁለት እጁ ይዟል። "ክቡራን" አለ። ዝም አለ። "ክቡራት" አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፋ። አዳራሹ ጠበቀ። አንድ ሰው ሳለ። መነን ከሦስተኛው ረድፍ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀጣዩን ቃል ትልክለታለች፤ እሱ ግን የሚታየው ማማሰያ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ በሩ ተበረገደና ጥበቃው "በጉ ሊፈነዳ ነው!" ብሎ ጮኸ።

አራት ሰው ተሸክመው አስገቡት። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ምላሱ ወጥቷል፣ በአፉ አረፋ ይደፍቃል። ሐኪሞቹ በአንድ ጊዜ ዘለው ተነሡ። "ዘይት አምጡ!" አለ አንዱ። "የምን ዘይት፣ ጎኑ ይወጋ!" አለ ሌላው። ሦስተኛው "በመጀመሪያ የበላውን እንጠይቅ" አለ፤ ማንን እንደሚጠይቅ ግን አልተናገረም። ሐጂ ሙሐሲን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ "ያ ጀመዓ! ይሄ ሁሉ ሐኪም ተሰብስቦ በጉ በክርክር ይሙት?" አሉ።

ዶክተር መልከጼዴቅ ወረቀቱን ጣለ። ከመድረኩ ዘሎ ወረደና በጉ አጠገብ ተንበረከከ። "ፊቱ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ አቁሙት። መድረኩ ላይ የፊት እግሩን አውጡት። አንተ አፉን ያዝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጎማ ቱቦ አለ፣ አምጡልኝ። ዘይትም ይምጣ። አይዞህ አንተ ሆዳም፣ አይዞህ።" ድምፁ ጥርት ያለ፣ የረጋ ነበር። መነን እንኳ ያንን ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ ሰምታው አታውቅም።

ሳሮን የፕሮግራም መሪነቷ ትዝ አላትና ማይክሮፎኑን ወደ እሱ አስጠግታ፣ "ዶክተር፣ ለሕዝቡ ያስረዱ" አለች። ልክ በዚያ ቅጽበት ቱቦው ከበጉ ሆድ ደረሰ።

የወጣው ድምፅ በአራቱም ድምፅ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ጡሩንባ የመሰለ ድምፅ ነበር፤ ሲያበቃ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ። ከዚያ ሽታው ተከተለ። የፊት ረድፍ ክብሩን ትቶ በአንድ እግሩ ተነሣ። ሼኹ የቄሱን እጅ ይዘው ወደ መስኮት ሮጡ። ቦንቱ በሳቅ ከወንበሯ ወደቀች።

"ደህና ነው" አለ ዶክተር መልከጼዴቅ፣ የበጉን ጎን እያሸ። "ይሄ መውጣት አለበት። ሌላም አለ።" እንደገናም ወጣ። ማሸቱን ሳያቆም፣ ማን እንደጠየቀው ሳያስታውስ፣ ማውራቱን ቀጠለ።

"ባለፈው ክረምት ቡሌ ላይ እንዲሁ ተንበርክኬ ነበር። ላም ምጥ ጠንቶባት ነው የጠሩኝ። ጥጃው ተገልብጦ ነበር፣ አስተካክዬ አወጣሁት። ሁለቱም ዳኑ። ስመለስ መንገድ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አገኘሁ። 'ዶክተር ነህ?' አሉኝ። 'የላም' አልኳቸው። 'ዶክተር ዶክተር ነው' አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሁሉ የከብት ነው። ለሷ የሚሆን ምንም የለኝም። ተራ ገብቼ ቃሬዛውን ተሸከምኩ። ዝናቡ ሲብስ ደግሞ ጃንጥላ ያዝኩላት። ጤና ጣቢያው ሳንደርስ እንሰት ሥር ወለደች። አንዲት አሮጊት ናቸው ያዋለዷት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተረፉ።"

መስኮት ላይ የነበሩትም ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰዋል።

"እኔ ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣልኝም" አለ፣ እጁ አሁንም በጉ ሆድ ላይ ነው። "ላሟ ከደጇ ሳትነቃነቅ ሐኪም እቤቷ ድረስ መጣላት። ሴትየዋ ግን ሐኪም ፍለጋ በዝናብ አራት ሰዓት ተጓዘች። ይኸው ነው።"

ቀና ሲል ሁሉም እያየው መሆኑን አወቀና ጆሮው ጋለ። ማይክሮፎኑ አፉ ሥር ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ሙሐሲን ናቸው። መሐረባቸው አፍንጫቸው ላይ ነው፤ ለሽታው ይሁን ለሌላ ነገር አልታወቀም። "ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል አላችሁ? ግማሹ ከኔ ሱቅ ይወጣል።" ቦንቱ ቆመች። "ፍራሽ የኛ ነው፣ የጪጩ ሴቶች። አልጋ ሌላ ሰው ያምጣ።" አልጋውን የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ያዘ። ሚስማሩን አንድ ሰው ሊሰጥ ሲል ሦስት ሰዎች ተጣሉበት።

"በጉስ? ጨረታው ቀረ እንዴ?" አለ ከኋላ አንዱ።

በጉ አልሞተም፤ ቆሞ የመድረኩን አበባ እየቀነጠበ ነበር። ሳሮን ጨረታውን ከፈተች። የገንዘብ ነገር ስለተከለከለ ሰው የሚጫረተው በቆርቆሮ ነው። "አምስት ቆርቆሮ!" "ስምንት!" "አሥር!" አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ጨረታው ቆመ። ሆዱ እንደገና ቢነፋስ የሚል ፍርሃት የሁሉም ፊት ላይ ይነበባል።

"አሥራ ስድስት!" አለች አንዲት ሴት። ሁሉም ዞሮ አየ። መነን ነበረች፣ እጇን አውጥታ።

ዶክተር መልከጼዴቅ ወደ እሷ ተጠጋ። "መኑ፣ ምን ነካሽ? ዓይኑን ማየት ነበር እኮ የምትጠዪው።"

"ግማሹ የኔ ጎመን ነው" አለች መነን። "ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጥም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ ዛሬ አናግሮሃል" አለችው።

ቆርቆሮው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭኖ ወጣ። ሃያ ሁለቱም ሐኪሞች ከላይ ተቀምጠዋል። መኪናው ከቡሌ ማዶ ባለው ዳገት ላይ ጎማው እስኪሸፈን ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባና ቀረ። ሾፌሩ ወርዶ አየው፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሲጋራ ለኮሰ። ሳሮን "ኔትወርክ የለም" እያለች ስልኳን ወደ ሰማይ ስታነሣ፣ ከጉም ውስጥ ሰዎች ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ወንዶች፣ ሴቶች፣ የቀበሌው አስተማሪ ከነተማሪዎቹ። ቆርቆሮውን እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ሐኪሞቹም ወረዱና አንዳንድ አነሡ። ዶክተር መልከጼዴቅ ከፊቱ የሚሄደው ሰው አይታየውም፤ የሚታየው በጉሙ ውስጥ ብልጭ ብልጭ እያለ ዳገቱን የሚወጣ የቆርቆሮ ሰልፍ ብቻ ነበር። እግሩ ሁለት ጊዜ አዳልጦት ወደቀ፤ ሁለት ጊዜም የማያውቃቸው እጆች አነሡት። ልቡ ቀሎት ነበር።

ቤቱ በሦስት ቀን ተሸፈነ። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት የመጀመሪያዋ እናት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ ገባች፤ ዘጠኝ ቀን ቆይታም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ዶክተር መልከጼዴቅ ለከብት ክትባት ወጥቶ ሳለ ጎራ ብሎ ጠየቃት። ሕፃኗን ታቅፋ አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ አልጋው ከፍ ብሎ አስፈርቷት ነው።

"ደህና ከረምሽ? ቤቱ ተመቸሽ?" አላት።

"ቤቱ ጥሩ ነው" አለች፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ። "ግን ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል። የኛ ጎጆ እንደዚህ አይጮኽም። ዘጠኝ ቀን አልተኛሁም።"

ዲላ ተመልሶ ይህንኑ ለሳሮን ነገራት። ሳሮን ስልኳን አወጣች። "ኮርኒስ ነው የሚያስፈልገው ዶክተር። የኮርኒስ ወር! ነሐሴ ላይ ብናደርገው፣ ንግግሩ ደግሞ..."

"ቆይ" አለ ዶክተር መልከጼዴቅ። ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ተቀመጠ። "መጀመሪያ ለካናቴራው ሌላ አታሚ ፈልጊ። ላሟ ግን ትቆይ፤ ቦንቱ ትቆጣለች።"